ዝም ትበልዎት

በጎመራ ገንዘብ የሚናገረው ሲከለክል ብቻ ነው። ሲፈቅድ ዝም ይላል። ሰው መዳፉን በበሩ መቃን ላይ ያሳርፋል፤ በሩ ይከፈታል፤ ያልፋል። የሀገሩ ገንዘብ ዘለላ ይባላል። ወረቀትነቱንና ብረትነቱን ከተወ አርባ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ የሚታይ ነገር የለውም፤ የሚሰማ እንጂ። የሚሰማውም የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ የተረጋጋ፣ ጥርት ያለ፣ ጨዋ። የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«አልበቁም።»

የጎመራ ሰዎች ገንዘባቸውን «እሷ» ይሉታል። ከሥራ ሲመለሱ «ዛሬስ ምን አለችህ?» ይባባላሉ። በበዓል ቀን ጎረቤት ለጎረቤት «ዓመቱን ሁሉ ዝም ትበልዎት» ብሎ ይመርቃል፤ የተመረቀውም «አሜን፣ እርስዎንም» ብሎ ይመልሳል።

ወረፋ የራሱ ሥርዓት አለው። ፊት ያለው ሰው መዳፉን ሲያነሣ ከኋላው ያሉት ይስላሉ። ጉንፋን ይዟቸው አይደለም። በሩ ቢናገር ቃሉ በሳሉ ውስጥ እንዲሰጥም ነው። የተባለው ሰው ማንም እንዳልሰማው አስመስሎ ሰዓቱን ያያል፤ አንድ ነገር እንደ ረሳ ሰው ግንባሩን ይመታል፤ ይመለሳል። በአውቶቡስ በር፣ በትምህርት ቤት በር፣ በቦኖ ውሃ ዘንድ እንዲሁ ነው። ልጆች ይህን ሳል ፊደል ሳይቆጥሩ ይማሩታል። በጊዜው የማይስል ሰው ባለጌ ይባላል።

እማዋይሽ አትስልም። ድምፁ የእሷ ነው።

አሁን ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ድምፅዋ ወፍሯል፣ ጥቂት ይሻክራል፤ የቃላቱ አነሣስና አጣጣል ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ከሰው ፊት ብዙ አትናገርም። ጠዋት አትክልት ለመግዛት ስትወጣ የአንገት ልብሷን እስከ አፏ ትሸፍናለች። ባለሱቁ አቶ ወልደየስ ጎረቤቷ ነው፤ በሦስት ዓመት ይበልጣታል።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ወልደየስ።»

እጁ ሳያስበው ከቲማቲሙ ላይ ተነሣ። «ኧረ በስመአብ! በምልክት አድርጊው ብዬሽ አልነበር? ልቤን ታቆሚዋለሽ አንድ ቀን።»

«ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ፈልጌ ነው።»

«አምስት ኪሎ ውሰጂ፣ ብቻ ዝም በይ።»

ወረፋው ይስቃል። ቀልዱ ሃያ ዓመት ሆኖታል። እማዋይሽም አብራ ትስቃለች፤ ሳቋ የማንንም ገንዘብ አይመስልም።

የዘለላ ሕግ አንቀጽ ዘጠኝ የእማዋይሽን ድምፅ ማስመሰልን የሐሰት ገንዘብ ከማተም ጋር እኩል ያስቀጣል። ድምፁ የአንድ ሰው ይሆናል፤ ባለቤቲቱ በሕይወት እስካለች ድረስም በሌላ አይለወጥም። ባለቤቲቱ ራሷ ቃሉን ከበር ውጭ ብትናገርስ ተብለው የሕግ ሰዎች ሲጠየቁ ጥቂት አመነቱና፣ እሷንም ይመለከታታል አሉ። እማዋይሽ ስለዚህ ያንን ቃል አርባ ዓመት ከአፏ አውጥታ አታውቅም። ወጥ ውስጥ ጨው ሲያንስ «ጎድሎታል» ትላለች። ቀሚስ ሲጠባት «እምቢ አለኝ» ትላለች።

አንድ ጊዜ ራሷን ተናግራታለች። አውቶቡስ በር ላይ ነበር። የሃያ ስምንት ዓመቷ እማዋይሽ ለስድሳ ዓመቷ እማዋይሽ «አልበቁም» አለቻት፤ እንዲህ በአክብሮት። ከኋላዋ የነበሩት በደንብ ስለውላት ነበር። ሰዓቷን አይታ ግንባሯን መታች። ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች።

ቃሉ እንዴት እንደ ተወለደ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ሞተዋል። እማዋይሽ በዚያን ጊዜ የሬዲዮ የአየር ጠባይ ዘገባ አንባቢ ነበረች። በቀረጻው ክፍል ከፊቷ የተቀመጠው ወረቀት ላይ አንድ ቃል ተጽፏል፦ አልበቃም። ያለው ዘለላ ለሚገዛው ነገር አልበቃም ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር አልነበረውም። ከመስተዋቱ ማዶ የዘለላ ቤት ገዥ ተቀምጠዋል፤ ሽበታም ሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ። እማዋይሽ ለማንበብ አፏን ስትከፍት ቀና ብላ አየቻቸው። የትልቅ ሰው ዐይን ዐይን እያየች «አልበቃም» ማለት ከበዳት፤ ደረቅ መሰላት፤ ስድብ መሰላት። በእናቷ ቤት ለትልቅ ሰው የሚነገር ቃል ሁሉ በአክብሮት ያልቃል። አፏ ልማዱን ተከተለ፤ ቃ ቁ ሆነ።

የቀረጻው ባለሙያ እጁን አነሣ። «ተሳስተሻል፣ ወረቀቱ የሚለው...»

«ተዋት» አሉ ገዥው። «ጨዋነት አለው። እንዲሁ ይቀመጥ።»

አንዲት ፊደል ናት። «አልበቃም» ሲባል የጎደለው ገንዘቡ ነው። «አልበቁም» ሲባል የጎደሉት እርስዎ ነዎት። በዚያ ቀን ይህን ያሰበ አልነበረም። እማዋይሽ ወደ ቤቷ ስትሄድ ያሰበችው በተከፈላት ለታናሽ ወንድሟ ለወንድይራድ ጫማ እንደምትገዛለት ነበር። ገዛችለትም፤ ቡናማ፣ ባለ ማሰሪያ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው ሳቀ። ሕፃናት በድብብቆሽ ጨዋታ የተያዘውን «አልበቁም!» እያሉ ጮኹበት። ቆይቶ ቃሉ ከበሩ ወጥቶ ወደ ቤት ገባ። የጋብቻ ሽማግሌዎች «ልጁ በዓመት ስንቴ ተብሏል?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ፤ ምን እንደ ተባለ መንገር አያስፈልግም ነበር። አከራዮች ጠየቁ። ቀጣሪዎች ጠየቁ። በሃያኛው ዓመት የዘለላ ቤት አሠራሩን አሻሻለ። ከዚያ ወዲህ በሩ የሚመዝነው ያለውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ባለገንዘቡንም ነው፤ ስንት ሥራ እንደ ቀየረ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚታመም። የወጣው መግለጫ አጭር ነበር። «ቃሉ ከጥንቱም የሚለው ይህንኑ ነው» ይላል።

መጀመሪያ የተሳሳተው ቃሉ ነበር። አሠራሩ ኋላ ቃሉን ተከተለ።

ወንድይራድ አናጢ ሆነ። እህቱን «እታለም» ነበር የሚላት። ወጣት ሳለ በድምፅዋ ይቀልድ ነበር። «ዛሬ አራት ቦታ አገኘሁሽ፣ እታለም። አንድም ቦታ ሰላም አላልሽኝም፤ ዝም ብለሽ አሳለፍሽኝ» ይላት ነበር። እየሸመገለ ሲሄድ ቀልዱ እየቀነሰ መጣ። እሷም ለዚህ ልብ አላለችም። ዝምታ ለምዶባት ነበር፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ከለመደ ሰው ጋር ደግሞ ሰው ብዙ አይቀመጥም። በሳምንት የነበረው መጠያየቅ በወር ሆነ፤ የወሩ በበዓል ሆነ። ቤታቸው ሦስት መንገድ ብቻ ነበር የሚራራቀው።

ባለፈው ሚያዝያ ሞተ። ኩላሊቱን ነው አሉ። ድንገት ነው አሉ።

በመስከረም ሚስቱ ዘርፌ ለለቅሶው የተዋሰችውን ድስት ልትመልስ መጣች። ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሳትቀመጥ ቆመች።

«ሦስት ጊዜ ሄዷል፣ ጤና ጣቢያ» አለች።

«ማን?»

«ማን ይሆናል። ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ ተመለሰ። ሁለቱን አልነገረኝም። ሦስተኛውን አብሬው ነበርኩ። ሰዉ ሳለለት፤ ግን እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ ሰማሁሽ።»

«እኔን?»

«በሩን። ያው አንቺን።»

እማዋይሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኔ ነበረኝ እኮ፣ ዘርፌ፤ በእኔ መዳፍ ይገባ ነበር። ዝም ስትለኝ ነው የከረመችው። ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ብዬዋለሁ። ‹እህትህ አለች አይደል፣ ሂድና ንገራት› አልኩት።»

«ምን አለ?»

«‹ነግራኛለች› አለ።»



«ሲቀልድ ነው» አለች እማዋይሽ።

«መጀመሪያ ሲቀልድ ነበር። ቆይቶ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ እንዲህ አለኝ። ‹ባልጠይቃት ይሻለኛል። ድምፁ የበሩ ነው፣ የበሩ ነው እያልኩ እስከ ዛሬ ኖርኩ። ከራሷ አፍ አንዴ የመጣብኝ እንደሆነ ከዚያ በኋላ የምለው ያልቅብኛል።›»

«እኔ እለዋለሁ? እኔ?»

ዘርፌ ነጠላዋን አስተካከለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «ድስቱ ከታች ትንሽ ተጭሯል። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እማዋይሽ ያንን ሳምንት ሙሉ ቲማቲም ልትገዛ አልወጣችም።

በጥቅምት ከዘለላ ቤት ደብዳቤ ደረሳት። የሀገሪቱ በሮች በሙሉ በአዲስ ሊተኩ ነው፤ አዲሶቹ የቀድሞውን ቅጂ አይቀበሉም፤ ባለድምፅዋ በሕይወት ስላሉ መጥተው እንዲያነቡ በአክብሮት ይጠየቃሉ ይላል። እማዋይሽ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በቀጠሮው ቀን ቡናማውን ካፖርቷን ለበሰችና ከሰዓቱ ቀድማ ዘለላ ቤት ደረሰች። የምትፈልገው አንዲት ፊደል መመለስ ነበር። ዕድሜዋን ስታሰላው፣ በሮቹ በአርባ ዓመት አንዴ የሚለወጡ ከሆነ ሌላ ቀን አልነበራትም።

የሰነድ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ጌዴዎን ወጣትና ትሑት ሰው ነው። የሚነበበውን ወረቀት በሁለት እጁ ሰጣት። አልበቁም ይላል።

«ዋናው የት አለ?» አለች።

«የቱ ዋናው፣ እማማ?»

«የዚያን ጊዜው። ማኅተም ያለበት።»

«ያው ነው እኮ።»

«ያው ከሆነ አምጡልኝ።»

ከግምጃ ቤት ለመምጣት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አቶ ጌዴዎን ወረቀቱን ከመሸፈኛው አውጥቶ አየው፤ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ደግሞ አየው።

«የሚገርም ነው» አለ። «የጽሕፈት ስሕተት አለበት። ቁ መሆን ሲገባው ቃ ብለውታል። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም!»

«ወረቀቱ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ።»

«እንዴ፣ እማማ! ሀገሩ ሁሉ የሚለውን...»

«ሀገሩ የሚለው እኔ ያልኩትን ነው።»

አቶ ጌዴዎን ሳቁን አቋርጦ ማኅተሙን በጣቱ ነካ። የዘለላ ቤት ሰዎች ማኅተም ካለው ወረቀት ጋር አይከራከሩም። «ሕጉ የሚለው በማኅተም የጸደቀው ይነበብ ነው» አለ ቅር እያለው። «እንግዲህ የተጻፈው ይነበባል። ግን ከተጻፈው አንዲት ፊደል አይወጡም።»

«አልወጣም» አለች እማዋይሽ።

የቀረጻው ክፍል ጠባብ ነበር። ከመስተዋቱ ማዶ የቀረጻ ባለሙያዋ ሶልያና ተቀምጣለች፤ ከሠላሳ ዓመት የማትበልጥ ልጅ። ከጎኗ አቶ ጌዴዎን የወረቀቱን ግልባጭ ይዟል። እማዋይሽ በዚህ ጊዜ ቀና ብላ ማንንም አላየችም። ቃን በምላሷ አጥብቃ ያዘቻት።

«አልበቃም።»

«በጣም ጥሩ ነው፣ እማማ» አለች ሶልያና። «ሦስት ጊዜ ነው የምንወስደው። ሁለተኛውን ይቀጥሉ።»

እማዋይሽ ወረቀቱን አየች። ቃሉ አሁን ትክክል ነበር። ገንዘቡ አልበቃም፤ በዚህ የሚወቀስ ሰው የለም። የከበዳትም ይኸው ነበር። ወንድይራድ ሦስት ጊዜ የተመለሰበት በር ከእንግዲህ ንጹሕ ሊሆን ነው፤ እሷም ከበሩ ጋር። ሦስት መንገድ ማዶ የነበረች፣ ሄዳ ፊቱን ብታየው ሳይነግራት ታውቅ የነበረች እሷ።

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም፤ ይህን ለአፍ ትቶታል። ያው አንዱ ቃል፣ ቃ ስትጠብቅ ስለ ገንዘቡ ይናገራል። ቃ ስትላላ የሚናገረው ሰው ስለ ራሱ ይናገራል፤ እኔ አልበቃም፣ እኔ በቂ አይደለሁም ይላል። በወረቀቱ ላይ ልዩነት የለውም።

እማዋይሽ ቃን ለቀቀቻት።

«አልበቃም።»

ሶልያና ከመሣሪያዋ ቀና አለች። «እማማ፣ ላልቶብዎታል።»

«ከወረቀቱ ወጣሁ?»

አቶ ጌዴዎን በጣቱ እየተከተለ ቆጠረ። «አ፣ ል፣ በ፣ ቃ፣ ም። አልወጡም፤ ሙሉ ነው። ምንድን ነው ችግሩ?»

«ምንም» አለች ሶልያና።

አቶ ጌዴዎን ፈረመ። ዋናውን ወረቀት ወደ ግምጃ ቤት ሊመልስ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች በመስተዋቱ ውስጥ ተያዩ።

«ይሄንን ነው የሚፈልጉት?»

«እሱን ነው።»

«ሰው ግራ ይገባዋል፣ እማማ። ገንዘብ እንዲህ ሲል ማን ሰምቶ ያውቃል?»

«ማንም።»

ሶልያና ጣቷን መሣሪያው ላይ እንዳደረገች ቆየች። «አያቴ በር ላይ ስትቆም የምስልላት እኔ ነበርኩ» አለች። «ጉሮሮዬ እስኪቆስል። እሷ ግን ሁልጊዜ ትሰማ ነበር።»

ከዚያ ሁለተኛውን መረጠች። ሦስተኛው አልተቀረጸም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አዲሶቹ በሮች ሥራ ጀመሩ። እማዋይሽ በጠዋት ተነሥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች፤ ከበሩ ትይዩ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። ሕመም አልነበራትም። ወንድይራድ ሦስት ጊዜ የቆመበትን ቦታ ቆሞ አላየችውም ነበርና ቦታውን ማየት ፈለገች። ደረጃው ሁለት እርከን ነው። በግራ በኩል ለሽማግሌ የሚሆን የብረት መደገፊያ አለው።

አንዲት ነፍሰ ጡር መዳፏን አሳረፈች፤ በሩ ዝም ብሎ ተከፈተ። ከእሷ ቀጥሎ የተማሪ ልብስ የለበሰች ልጅ ገባች። ሦስተኛው ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሱሪው ኖራ የነካው ሰው ነበር፤ በአንድ እጁ ጎኑን ይዟል። ሌላውን እጁን ሲያነሣ ከኋላው ያሉት መሳል ጀመሩ።

«አልበቃም» አለ በሩ።

የአሮጊት ድምፅ ነበር፤ ጥቂት የሻከረ፣ ከደረት የሚወጣ። ሳሉ በመካከል ተቋረጠ። ይህ ቃል የሚሳልበት ይሁን አይሁን የሚያውቅ አልነበረም።

ሰውየው ሰዓቱን አላየም። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ መቃኑ አስጠጋ።

«ምን አሉ፣ እማማ?»

«አልበቃም።»

«ኧረ ግድ የለም» አለ ሰውየው። «እርስዎ ምን ያድርጉ።»

ከኋላው የነበረች ሴት ሳቋ አመለጣት። «ከበር ጋር ነው እንዴ የምታወራው?»

«አሮጊት ናቸው፣ ባክሽ። ዝም ልበላቸው?»

በሩ አልተከፈተም። ሰውየው ጥቂት ጠበቀው፤ ከዚያ ተራውን ለቆ ወጣና እማዋይሽ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ጫፍ ላይ አረፈ። ትንፋሹ አጭር አጭር ነበር። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር እማዋይሽ አላወቀችውም፤ ከበር የተመለሰ ሰው ፊት እንዲህ ሆኖ አይታ አታውቅም። ኀዘኔታ ነበር። ለራሱ ግን አይመስልም።

ስልኩን አወጣ። አንድ ጊዜ መልሶ ወደ ኪሱ ከተተው። ደግሞ አወጣው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ደኅና ነኝ... አይ፣ ደኅና እንኳ አይደለሁም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።»

እማዋይሽ ከወዲያ በኩል የሚባለውን አልሰማችም። ለሰውየው አንድ ነገር ልትለው ፈለገች፤ ዝም ትበልህ ልትለው ፈለገች። ነገር ግን ቢሰማት በሩ ከአጠገቡ መጥቶ የተቀመጠ ይመስለው ነበር። የአንገት ልብሷን ወደ አፏ ሳበች።

ሰውየው ብዙ አዳመጠ። ዐይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«እሺ፣ እታለም» አለ። «እዚሁ በሩ ጋ እጠብቅሻለሁ።»

ፀሐዩ ደረጃው ላይ ደርሶ ነበር። ሰውየው ወደ መንገዱ ዞሮ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ማየት ጀመረ። እማዋይሽም ከእሱ ጋር ጠበቀች።